የሄይፍሊክ ገደብ፦ መከፋፈል ያቆመ ሴል ሞቷል ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ በ1961 እ.ኤ.አ. ያሳዩት፣ በቤተ ሙከራ የሚያድጉ ጤናማ የሰው ሴሎች ከ40 እስከ 60 ጊዜ ያህል ከተከፋፈሉ በኋላ መባዛት እንደሚያቆሙ ነው። በክሮሞዞም (የሴሉን ዘረመል በያዘው ክር) ጫፍ ያለው ቴሎሜር የተባለ ክፍል በየክፍፍሉ ያጥራልና። ይህ ማቆሚያ የሄይፍሊክ ገደብ ይባላል።

ሴሉ ግን በሕይወት ይቆያል፤ እንዲያውም አጠገቡ ላሉ ሴሎች ብግነት የሚቀሰቅሱ መልእክቶችን ይልካል። ይህ ቁስል እንዲድን ያግዛል፤ እንዲህ ያሉ ሴሎች ሲከማቹ ግን አካልን ይጎዳሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ቶሎ በሚያረጁ አይጦች ላይ እነዚህን ሴሎች ሲያስወግዱ አንዳንድ የእርጅና ምልክቶች ዘግይተዋል። ትልቅ ተስፋ ነው፤ አይጥ ግን ሰው አይደለም።

አብዛኞቹ የካንሰር ሴሎች ገደቡን የሚያልፉት ቴሎሜሬዝ በተባለ ኢንዛይም ጫፉን መልሰው እያስረዘሙ ነው። ስለዚህ «ቴሎሜር ያስረዝማል» የሚባል እንክብል ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።