አንድ ሚሊ ሜትር፦ ነፍሳትንና ሸረሪቶችን በማክሮ ፎቶ ማንሳት

ማክሮ ፎቶግራፍ አንድን ትንሽ ነገር በካሜራው ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ) ላይ ቢያንስ በተፈጥሮ መጠኑ ልክ የማሳረፍ ጥበብ ነው። ፎቶ አንሺዎች ይህን መጠን «አንድ ለአንድ» ይሉታል። ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር በሆነ ካሜራ 12 ሚሊ ሜትር የምትረዝም ሠራተኛ ንብ በአንድ ለአንድ ብትነሳ የፎቶውን ወርድ ሲሶ ትይዛለች። ስድስት ሚሊ ሜትር የምትሆን የግድግዳ ሸረሪት ግን ከስድስት እጅ አንዱን ብቻ ስለምትሸፍን ሁለትና ሦስት እጥፍ ማጉላት ይጠይቃል። በብዙ ሌንሶች ላይ የሚጻፈው «ማክሮ» የሚል ቃል ሻጭ የሚወደው ቃል ስለሆነ ሁልጊዜ አይታመንም፤ መታየት ያለበት አጠገቡ የተጻፈው 1፡1 (የተፈጥሮ መጠን) ወይም 1፡2 (የዚያ ግማሽ) የሚል ቁጥር ነው። የካሜራ አምራቹ ኒኮን ደግሞ የራሱን ማክሮ ሌንሶች «ማይክሮ» ይላቸዋል፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

በዕለት ተዕለት አማርኛችን ሸረሪቱንም መዥገሩንም ጠቅልለን ነፍሳት እንላለን። በሥነ ሕይወት አከፋፈል ነፍሳት የሚባሉት ባለ ስድስት እግሮቹ ብቻ ናቸው፤ ሸረሪት ስምንት እግር ያላት፣ ክንፍም አንቴናም የሌላት የሌላ ወገን ናት። እስካሁን ስም የወጣላቸው የነፍሳት ዝርያዎች ወደ አንድ ሚሊዮን፣ የሸረሪቶቹ ደግሞ ከ50,000 በላይ ናቸው። አዳኝና ታዳኝ ሆነው አንድ ቅጠል ላይ ስለሚውሉ ፎቶ አንሺው ሁለቱን ለይቶ አይሄድም።

ጉጉቱ ከካሜራ ይቀድማል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 በማይክሮስኮፕ ያያትን ቁንጫ በትልቅ ሥዕል አትሞ ሲያወጣ ብዙ ሰው ያን ፍጥረት በቅጡ ያየው ያኔ ነበር። ለተራው ፎቶ አንሺ በሩን የከፈተው ጀርመናዊው ሃይንዝ ኪልፊት እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣው «ማክሮ ኪላር» የተባለ ሌንስ ነው። በፊልም ዘመን ግን 36 ፎቶ አንስቶ፣ አሳጥቦ፣ አንድም ጥርት ያለ ሳይገኝበት መቅረት የተለመደ ነበር። ዛሬ አንድ ሸረሪት ላይ መቶ ጊዜ ተኩሶ ዘጠና ዘጠኙን ማጥፋት ምንም አያስከፍልም፤ ዝንባሌው በዓለም ዙሪያ የተስፋፋውም ከዚህ በኋላ ነው።

የዚህ ሙያ ችግርም ዘዴም የሚጀምረው ከአንዲት ሚሊ ሜትር ነው። ሙሉ ፍሬም በሚባለው (ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር በሆነው) ካሜራ፣ በአንድ ለአንድ ማጉላት፣ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 11 (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቀዳዳው ይጠብባል) አጥብበን ብናነሳ ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት 1.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ማጉላቱን በእጥፍ ስናሳድገው ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የዝንቧ ዓይን ሲጠራ ክንፏ ይደበዝዛል፤ ክንፏ ሲጠራ ዓይኗ ይጠፋል። ታዲያ ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 22 ለምን አናጠብም ቢባል፣ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበታተን ፎቶው ከዳር እስከ ዳር ይለሰልሳል። በዚያ ላይ ሌንሱ አንድ ለአንድ ሲደርስ ኤፍ 11 ያልነው በተግባር እንደ ኤፍ 22 ይሠራል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ሁሉን አጥርቼ አወጣለሁ ብሎ አይደክምም። ወይ ዓይን ላይ ብቻ ያተኩራል፣ ወይ ደግሞ የቢራቢሮዋን ክንፍ ከሴንሰሩ ጋር ትይዩ አድርጎ ያችን ስስ ውፍረት በክንፉ ላይ ያሳርፋታል። ፎከሱን በሌንሱ ቀለበት ከመፈለግ ይልቅም ቀለበቱን አንድ ቦታ አስሮ በገዛ ገላው ወደፊትና ወደኋላ በስሱ ይወዛወዛል። ግራ እጁ ቅጠሉ ያለበትን ግንድ ከያዘና ሌንሱን በዚያው ክንድ ላይ ካስደገፈ፣ ነፋስ ሲመጣ ካሜራውና ቅጠሉ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ከዚህ ቀላል ዘዴ በላይ የጠቀመኝ ዕቃ የለም።

ዕቃውን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የተመረጠው መንገድ ከ90 እስከ 105 ሚሊ ሜትር የሆነ ማክሮ ሌንስ ነው፤ በአንድ ለአንድ ሲነሳ በሌንሱ ጫፍና በነፍሳቱ መካከል ስንዝር የማይሞላ ርቀት ይተርፋል። ያ ባይገኝ በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ባዶ ቱቦ አለ፤ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ የ50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ሲጨመር አንድ ለአንድ ይሆናል። ሬይኖክስ ዲሲአር-250 የተባለው ከፊት የሚለጠፍ መስታወትም ርካሽና ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚረክሰው ሌንሱን ገልብጦ መግጠም ነው፦ ከካሜራ ጋር የሚመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ያለው ሌንስ 18 ላይ ተገልብጦ ሲገጠም ከሦስት እጥፍ በላይ ያጎላል። ሲገለበጥ ግን ከካሜራው ጋር ያለው ግንኙነት ስለሚቋረጥ ቀዳዳውን ማጥበብ ያስቸግራል፤ ለዚህ ቀለበቱ በእጅ የሚዞር አሮጌ ሌንስ ይሻላል። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ኤምፒ-ኢ 65 የተባለ ሌንስ እስከ አምስት እጥፍ ያጎላል፤ በአምስት እጥፍ ላይ ግን ነፍሳቱ ከሌንሱ አራት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ ለጀማሪ አልመክረውም። ስልክ ላይ የሚቆነጠጡ ትንንሽ ሌንሶችም ዝም ብሎ ለተቀመጠ ጢንዚዛ በቂ ናቸው።

ብርሃኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቀዳዳው ጠባብ፣ ሌንሱ ቅርብ፣ እጅ የማይረጋ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ፍላሽ ይጠቀማል። በዝቅተኛ ኃይል የሚተኮስ ፍላሽ የሚበራው ከሰከንድ 1/10,000ኛ ላነሰ ጊዜ ስለሆነ የእጅንም የነፋስንም መንቀጥቀጥ ያስቆማል። ችግሩ የነፍሳት ቆዳ ብዙ ጊዜ እንደ ተወለወለ ጫማ የሚያብረቀርቅ መሆኑ ነው፤ እርቃኑን የተተኮሰ ፍላሽ የጢንዚዛዋን ጀርባ በነጭ ነጠብጣብ ያቃጥለዋል። ስለዚህ በፍላሹና በነፍሳቱ መካከል ብርሃኑን የሚያለሰልስ ነገር ይደረጋል። የሚሸጡም አሉ፤ እኔ የምሠራበት ከነጭ ጀሪካን ቆርጬ፣ ውስጡን ስስ ነጭ ወረቀት ደርቤ፣ በሌንሱ አፍ ዙሪያ ያሰርኩት ነው። ዋናው ሰፊና ቅርብ መሆኑ ነው። የሥራውን ጥራት ለመመርመር የሸረሪቷን ዓይን ማየት ይበቃል፤ ዓይኗ እንደ መስታወት ስለሆነ ከፊቷ የነበረው መብራት ቅርጹ ሳይቀር እዚያ ታትሞ ይገኛል።

ይህን የተማርኩት ከአንዲት ዘላይ ሸረሪት ነው። ከ6,000 በላይ ዝርያ ያለው ይህ ቤተሰብ ሊይዝበት ድር አይዘረጋም፤ አድብቶ፣ ለክፉ ቀን የሚሆን አንድ ክር ከኋላው አስሮ፣ ይዘላል። ግራጫዋ ሸረሪት መስኮታችን ደፍ ላይ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋት። ሌንሱን ሳስጠጋ አልሸሸችም፤ ዞራ ፊት ለፊት አየችኝ። ከስምንቱ ዓይኖቿ ሁለቱ ከፊት እንደ መኪና መብራት የተገጠሙ ትልልቆች ናቸው። ዓይኗ ራሱ አይዞርም፤ በውስጡ ያለው ብርሃን ተቀባይ ክፍል ግን በቱቦ ጫፍ ላይ ሆኖ ይንቀሳቀሳል፤ ለዚህም ነው ከውጭ ለሚያየው ሰው ዓይኗ አንዴ ጥቁር አንዴ ቡናማ የሚመስለው። ሁለት ፎቶ ሳነሳ ቀለሙ ተለወጠ፤ በዚያች ቅጽበት እኔን ከላይ እስከ ታች እየቃኘችኝ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ሌንሱ ጫፍ ላይ ዘላ ወጣች።

በአገራችን ደጋ ለዚህ ሥራ የሚመቸው ወራት ክረምቱ ሲወጣ ነው። መስከረም ላይ አደይ አበባ ሲፈነዳ ዝንቡ፣ ንቡ፣ ጢንዚዛው አበባው ላይ ይውላል፤ ቢጫ ወይም ነጭ መስላ ቅጠሉ ሥር አድብታ ንብ የምትይዝ ሸረሪትም ያኔ አትጠፋም። ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ በሌላ ምክንያት ይወደዳሉ። ነፍሳት ሙቀታቸውን ከውጭ ስለሚያገኙ የአዲስ አበባ የማለዳ ብርድ አደንዝዞ ያስቀምጣቸዋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጤዛ የለበሰች ቢራቢሮ ሣር ላይ ተጣብቃ ብትገኝ ፀሐይ እስኪነካት ድረስ ካሜራ አስቀምጦ በእርጋታ መሥራት ይቻላል። ሩቅ መሄድም አያሻም። የጓሮ ጎመን አንድ ቅጠል ገልብጦ ማየት ነው፦ ክሽክሽ የተባለው ትንሽ ነፍሳት ተደርድሮ የቅጠሉን ጭማቂ ሲመጥ፣ ጉንዳን ከክሽክሹ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ለመቀበል ሲመላለስ፣ ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጢንዚዛ ደግሞ ክሽክሹን ልትበላ ስትመጣ ጉንዳኑ ሲያባርራት። ማታ ነጭ አንሶላ ሰቅሎ መብራት ቢበራበት የእሳት እራት ይመጣል። ስሙ ራሱ ፍጻሜውን ይናገራል። ልጅ ሳለን ቢራቢሮ ይዘን ጣታችን ላይ የሚቀረውን ዱቄት በሦስት እጥፍ ማጉላት ያየ ሰው፣ ዱቄት ሳይሆን እንደ ጣሪያ ክዳን አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ የተሰደረ ቅርፊት መሆኑን ያውቃል።

የሚሊ ሜትሯን ጥበት በሌላ በኩል የሚዞሩት ፎቶዎችን በመደራረብ ነው። ፎከሱን በጥቂቱ እያሳለፉ አሥርም መቶም ፎቶ ያነሳሉ፤ ከዚያ ዜሪን ስታከር ወይም ሂሊኮን ፎከስ የተባለ ፕሮግራም ከየፎቶው የጠራውን ክፍል ለቅሞ አንድ ያደርገዋል። የዚህ ዘዴ ጥግ እንግሊዛዊው ሌቮን ቢስ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ናሙናዎች ላይ የሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ለዕይታ ያቀረባቸው ሥዕሎች እያንዳንዳቸው ከ8,000 ባላነሱ ፎቶዎች የተገነቡ ሲሆኑ ካሜራው ከፎቶ ወደ ፎቶ የሚራመደው አሥር ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ) ብቻ ነበር።

የቢስ ጢንዚዛዎች የሙዚየም ሙት ናሙናዎች ናቸው፤ ይህንንም በግልጽ ተናግሯል። የሚያሳዝነኝ ሕያው ሸረሪት ፍሪጅ ውስጥ አደንዝዞ፣ ወይም በሙጫ አጣብቆ፣ «በዱር ያነሳሁት» ብሎ ማቅረብ ነው። እግሩ በማይሆን አቅጣጫ የታጠፈ፣ ዓይኑ የደረቀ ፍጡር ለሚያውቅ ሰው ወዲያው ያስታውቃል። የእንቁላል ከረጢቷን ያቀፈች ሸረሪት አትነካም፤ ፎቶ ለማሳመር ተብሎ የተገለበጠ ድንጋይም እንደነበረ ይመለሳል። ቀፎ አጠገብ ደግሞ ፍላሽ ይዞ አይቀረብም፤ የአገራችን ንብ ቤቷን ስትጠብቅ ቁጡ ናት።

ይህ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ለሳይንስ የከፈለውም ብዙ ነው። የዕለት ሥራው የመዥገር ዘመዶች የሆኑ ጥቃቅን ፍጡራንን ማጥናት የነበረው ዩርገን ኦቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲድኒ አጠገብ አምስት ሚሊ ሜትር የምታህል፣ ጀርባዋ እንደ ጣዎስ ያሸበረቀ ሸረሪት አየ፤ ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ እያነሳ፣ ከዘላይ ሸረሪት ተመራማሪው ዴቪድ ሂል ጋር ለብዙ አዳዲስ የአውስትራሊያ ዝርያዎች ስም አወጣ። ፎቶን ኢናቹራሊስት በተባለው የተፈጥሮ ምልከታ መለዋወጫ ድረ ገጽ ላይ አስቀምጦ የሚያውቁ ሰዎች እንዲለዩት መጠየቅም ዛሬ የተለመደ ነው። ብዙ ሸረሪቶች እስከ ዝርያቸው ድረስ የሚለዩት በማይክሮስኮፕ የመራቢያ አካላቸው ሲታይ ብቻ ስለሆነ ፎቶ ሁልጊዜ መልስ አይሰጥም። ቤተሰቧን ለማወቅ ግን የዓይኖቿ አሰላለፍ ብዙ ይናገራል፦ ዘላይ ሸረሪት ሁለት ግዙፍ ዓይኖች ከፊት አሏት፤ መሬት ላይ ሮጣ የምታድነው ተኩላ ሸረሪት ደግሞ አራት ትንንሽ ከታች፣ ሁለት ትልልቅ ከበላያቸው፣ ሁለት ወደኋላ። ስለዚህ ከፊት፣ ከላይና ከጎን አንድ አንድ ፎቶ ይነሳል፤ ቀኑ፣ ቦታውና ከባሕር ወለል ያለው ከፍታም አብሮ ይጻፋል።