ቆርቆሮ ክዳን በወሎ፦ ከጌጅ እስከ ሚስማር

ወሎ ውስጥ የቤት ስፋት የሚለካው በቆርቆሮ ብዛት ነው። «የ60 ቆርቆሮ ቤት ሠራ» ከተባለ የቤቱም የባለቤቱም ልክ ታወቀ ማለት ነው።

ቀድሞ የነበረው ሳር ክዳን ነው። በላስታ በኩል ክቡ የድንጋይ ቤት፣ አንዳንዱም ባለ ፎቅ፣ ሳር ነበር የሚለብሰው። ቆርቆሮ ከተማውን ያዘ፣ ከዚያ ገጠር ገባ። ላሊበላ ላይ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ የተወሰኑት እንኳ የአሁኑ ከለላ በ2000 ዓ.ም. እስኪተከል ድረስ በቆርቆሮ ተጠልለው ነበር። ዛሬ ኮምቦልቻ የራሷ የብረታ ብረት ፋብሪካ አላት፤ ቆርቆሮ እዚያው ደጃችን ይመረታል።

ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጌጅ፣ ማለትም የብረቱ ውፍረት ቁጥር፣ ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ብረቱ ይሳሳል፤ ብዙ ሰው ይሄን ይገለብጠዋል። ጌጅ 28 ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ 35 ወደ 0.2 ይወርዳል። በረዶ ለሚወርድበት ደጋ፣ ለደሴና ለወረኢሉ፣ 35 ባይገዛ ይመረጣል። ባቲና ቆቦ ላይ ፈተናው ሙቀቱ ነው፤ ኮርኒስ ከሌለ እኩለ ቀን ላይ ቤት ውስጥ አይቀመጡም። ነጭ ዱቄት የያዘ ቆርቆሮ እርጥበት ላይ ተደራርቦ የከረመ ስለሆነ ይለፉት።

ቤቱን የሚጠብቀው ግን ሚስማሩ ነው። የሚመታው ጉብታው ላይ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ላይ አይደለም። ቦዩ እንጨቱን ስለሚነካ ለአናጢው ይቀለዋል፤ ሐምሌ ሲገባ ግን ቤት ውስጥ ሳፋ ይደረደራል። ጃንጥላ መሳይ ራስ ያለው የቆርቆሮ ሚስማር ከነጎማው ይመታል። ጎማው ተጨፍልቆ ከወጣ ምቱ በዝቷል፤ በጣት ሲነካ ከዞረ ላልቷል። ማገሩ እርጥብ ባህር ዛፍ ከሆነ ሲደርቅ ይኮማተርና ሚስማሩን ይለቀዋል። በዚያ ላይ ፀሐይ ቆርቆሮውን ያሰፋዋል፣ የማታ ብርድ ይሰበስበዋል። ማምሻውን ጣሪያው «ጧ» የሚለው ለዚህ ነው። ነፋስ እንዳይገልጠው ድንጋይ የሚጭኑ አሉ፤ ድንጋዩ ግን ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀውን የዚንክ ቅብ ይፍቃል፣ ከሥሩም እርጥበት ያቁራል።

ማልበስ የሚጀመረው ከነፋሱ ተቃራኒ ጫፍ ነው፤ መደራረቢያው ለነፋስ ጀርባውን ይሰጣል። ከላይና ከታች ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይደራረባል። በጎን አንድ ጉብታ ይበቃል የሚሉ አናጢዎች አሉ፤ አንድ ተኩል ወይም ሁለት የሚሉት ትክክል ናቸው።

ኢጋ (ጉብታው ማዕዘን ያለው ቆርቆሮ) በቱቦላሬ (በብረት ቱቦ ማገር) ላይ ሲለብስ በሚስማር ፋንታ ባለ ጎማ ቪቴ (ጥርስ ያለው ብሎን) በድሪል ይታሰራል።

የተነሳ አሮጌ ቆርቆሮ አይጣልም። ቀዳዳው በሬንጅ ይደፈንና ማድ ቤት ይለብሳል፣ የተረፈው አጥር ይሆናል።