ኤንቨሎፕ ጀነሬተር ምንድን ነው?

በኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ውስጥ ድምፅ የሚያመነጨው፣ ኦሲሌተር የተባለው ክፍል የኤሌክትሪክ ኃይል እስካገኘ ድረስ ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ አንድ ኖታ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ የሚያውቀው ነገር የለም። ቁልፍ ሲነካ እንዲሰማ፣ ሲለቀቅ እንዲጠፋ ማድረግ በተራ ማብሪያ ማጥፊያ ይቻላል፤ የሚወጣው ድምፅ ግን በድንገት ብቅ ብሎ በድንገት የሚቆረጥ ይሆናል። ኤንቨሎፕ ጀነሬተር የተባለው ሰርኪዩት ሥራው ቁልፉ ከተነካበት ቅጽበት አንሥቶ ድምፁ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ጉልበቱ በምን ፍጥነት እንደሚያድግ፣ የት ላይ እንደሚረጋና እንዴት እንደሚከስም መወሰን ነው። ኤንቨሎፕ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ የደብዳቤ ፖስታንም ስለሚያመለክት ግር ሊያሰኝ ይችላል፤ እዚህ ላይ ግን የድምፁን ሞገድ ከላይና ከታች አቅፎ የሚይዘውን መስመር ማለት ነው።

ክራርና ማሲንቆ በአንድ ቃና፣ በተመጣጣኝ ጉልበት ቢጫወቱ እንኳ ማንም ሰው ይለያቸዋል። አንዱ ምክንያት የሞገዳቸው ቅርፅ መለያየቱ ነው፤ ጉልበታቸው ከጊዜ ጋር የሚለዋወጥበት መንገድም ትልቅ ድርሻ አለው። የክራር ጅማት ሲመታ ድምፁ ወዲያው ጫፍ ላይ ይደርስና እየሳሳ ይሄዳል፤ የማሲንቆ ድምፅ ግን ደጋኑ ጭራውን እስካሻሸ ድረስ አይሞትም። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1948 በድምፅ ቅጂ ባደረገው ሙከራ፣ ደወል የሚመታበትን የመጀመሪያ ቅጽበት አስቀርቶ ተከታዩን ድምፅ ብቻ ቢያሰማ፣ የተሰማው ነገር ደወልነቱን አጥቶ የትንፋሽ መሣሪያ መሰለ። ጆሯችን የድምፁን ምንነት ለመለየት በአነሳሱ ላይ እጅግ እንደሚመካ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

በብዙ ኪቦርዶች ላይ የሚገኘው ኤንቨሎፕ አራት መቆጣጠሪያዎች አሉት። አታክ ድምፁ ከዜሮ ተነሥቶ ጫፍ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ ዲኬይ ከጫፉ ወደ መርጊያው ለመውረድ የሚወስደው ጊዜ ነው፤ ሰስቴይን ቁልፉ ተጭኖ ሳለ ድምፁ የሚረጋበት ደረጃ ነው፤ ሪሊዝ ደግሞ ጣት ከተነሣ በኋላ ድምፁ እስኪጠፋ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ጀማሪዎችን በተደጋጋሚ የሚያሳስተው ሰስቴይን ነው። ሦስቱ የጊዜ መጠን ሲሆኑ እርሱ ብቻ የጉልበት መጠን ነው፤ ስለዚህ ሰስቴይንን ከፍ ያደረገ ሰው ድምፁን አላስረዘመም፤ ጣቱን እስኪያነሣ ድረስ ጎልቶ እንዲቆይ አደረገው እንጂ። ከዚህም በላይ በእግር የሚረገጠው ፔዳል ሰስቴይን ተብሎ መጠራቱ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ፔዳሉ የሚያደርገው ሪሊዙ እንዳይጀምር ማዘግየት ነውና።

ሰርኪዩቱ በመሠረቱ ቀላል ነው። ቁልፍ ሲጫን ጌት የሚባል ምልክት ይፈጠራል፤ ይህም ቮልቴጅ በሬዚስተር አልፎ ካፓሲተር እንዲሞላ ያደርጋል። ሬዚስተሩ እንደ ጠባብ ቱቦ፣ ካፓሲተሩ እንደ ውኃ ማጠራቀሚያ ናቸው፤ ቱቦው በጠበበ መጠን መሙላቱ ይዘገያል፣ የአታክ መቆጣጠሪያም የሚያደርገው ቱቦውን ማስፋትና ማጥበብ ነው። 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ1 ሜጋኦም ሬዚስተር ሲሞላ ከተሰጠው ቮልቴጅ 63 በመቶ ያህሉ ላይ ለመድረስ 1 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ ሬዚስተሩ 1 ኪሎኦም ቢሆን በ1 ሚሊሴኮንድ ይደርሳል። ቮልቴጁ ጫፍ ላይ ሲደርስ አነጻጻሪ ሰርኪዩት ይህን ለይቶ መንገዱን ይቀይራል፤ ካፓሲተሩም በሌላ ሬዚስተር በኩል እስከ ሰስቴይን ደረጃ ይጎድላል፤ ጣት ሲነሣ ደግሞ በሦስተኛው በኩል ባዶ ይሆናል። ይህ ከፍና ዝቅ የሚል ቮልቴጅ ራሱ አይሰማም። በቮልቴጅ የሚታዘዝ አምፕሊፋየር ይቀበለውና የኦሲሌተሩን ድምፅ በዚያው ልክ ያጎላል፣ ያሳንሳል። ካፓሲተር ሲጎድል በመጀመሪያ ፈጥኖ ኋላ እየዘገየ ስለሚወርድ፣ አወራረዱ ከተመታ ጅማት አከሳሰም ጋር ይመሳሰላል፤ ርካሽ በሆነ ዕቃ እንዲህ ያለ ተፈጥሯዊ ውጤት መገኘቱ መልካም አጋጣሚ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1935 ለገበያ የቀረበው የሃሞንድ ኦርጋን እንዲህ ያለ ሰርኪዩት አልነበረውም። ቁልፉ በቀጥታ የብረት መገናኛዎችን ስለሚያገናኝ በእያንዳንዱ ኖታ መነሻ ላይ ጠቅታ ይሰማ ነበር፤ መሐንዲሶቹ እንደ ጉድለት ያዩትን ይህን ጠቅታ የጃዝ ተጫዋቾች በኋላ ወደዱት። ያው ኩባንያ በ1939 ያወጣው ኖቫኮርድ ግን 163 ቫኪዩም ቱቦዎችን (አምፖል መሰል የኤሌክትሮኒክ ክፍሎችን) ይዞ ለ72ቱ ቁልፎች ለእያንዳንዳቸው የጉልበት መቅረጫ ነበረው። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1964፣ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሮበርት ሙግ ድምፅን በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚፈጥረውን መሣሪያ፣ ሲንተሳይዘሩን፣ ሲሠራ አብሮት የነበረው የሙዚቃ ደራሲ ኸርበርት ዶይች ኖታዎቹ መነሻና መድረሻ እንደሌላቸው ነገረው፤ ሙግም ከአካባቢው መደብር የበር ደወል መጫኛ አስገዝቶ ከካፓሲተር ጋር በማያያዝ ሐሳቡን ሞከረ። ዛሬ የምናውቀውን አራት ክፍል ያለውን አሠራር በዝርዝር የጠየቀው በኒውዮርክ የኮሎምቢያ-ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል የነበረው ቭላዲሚር ኡሳቼቭስኪ ነው። በ1970 የወጣው ሚኒሙግ የተባለው የሙግ ሲንተሳይዘር ግን ሦስት መቆጣጠሪያ ብቻ ነበረው፤ ሪሊዙ የዲኬይን መቆጣጠሪያ ይጋራ ነበር።

ቁልፍ ሳይለቀቅ ሌላ ቁልፍ ቢጫን ኤንቨሎፑ እንደገና ይነሣ ወይስ ይቀጥል የሚለውም የመሣሪያን ጠባይ የሚወስን ጥያቄ ነው። ሚኒሙግ ይቀጥላል፤ ስለዚህ ኖታዎቹ በአንድ ትንፋሽ እንደተዜሙ ይያያዛሉ። በአንጻሩ ብዙ ኖታ በአንድ ጊዜ ለማሰማት ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ኤንቨሎፕ ያስፈልጋል፤ በ1978 የወጣው ፕሮፌት-5 የተባለው ሲንተሳይዘር አምስት ድምፅ ስለነበረው፣ ለጉልበቱ አንድ፣ የድምፁን ብሩህነት ለሚቀንሰውና ለሚጨምረው ፊልተር አንድ እየተባለ አሥር ኤንቨሎፖችን ይዟል። ይህን ያህል ሰርኪዩት በአንድ ሣጥን ውስጥ ማስገባት የተቻለው ሙሉው ኤንቨሎፕ በአንድ ቺፕ ላይ መሠራት በመጀመሩ ነው። በ1983 የወጣው ያማሃ ዲኤክስ7 ካፓሲተሩን ትቶ ሁሉንም በቁጥር አሰላ፤ ሞገድ የሚያመነጩትና አንዱ የሌላውን ሞገድ የሚቀይሩት ስድስቱ ኦፕሬተሮች እያንዳንዳቸው አራት ፍጥነትና አራት ደረጃ ያለው ኤንቨሎፕ ስለነበራቸው፣ ጉልበት ብቻ ሳይሆን የድምፁ ብሩህነትም ከቅጽበት ወደ ቅጽበት ይለዋወጥ ነበር።

ዛሬ በብዙ ኪቦርዶች ውስጥ ይህ ሁሉ ሶፍትዌር ሆኗል፤ አታክና ሪሊዝ የሚሉት ስሞች ግን በሜኑው ውስጥ አሉ። በፈጣን ዜማ ላይ ኖታዎቹ እርስ በርስ የሚደራረቡ ከሆነ፣ የማስተጋቢያውን መጠን ከመቀነስ በፊት ሪሊዙን ማሳጠር ይገባል። አታኩ ዜሮ ሲሆን የሚሰማው ጠቅታ ደግሞ ሞገዱ ከመሐሉ በድንገት ስለሚጀምር የሚመጣ ነው፤ ጥቂት ሚሊሴኮንድ ሲጨመርለት ይጠፋል።