ተመረጠ ማለት አሸነፈ ማለት አይደለም

የደብረ ብርሃን ልጆች የሠሩት አጭር ፊልም ለዓለም አቀፍ ፌስቲቫል «ተመረጠ» ሲባል፣ ፌስቡክ ላይ ወዲያው «አሸነፉ» ይባላል። ሁለቱ ይለያያሉ።

መመረጥ ማለት ፊልሙ ከተላኩት መካከል ተለይቶ ፌስቲቫሉ ላይ ይታያል ማለት ነው። ይህም ቀላል አይደለም። በዚያ ብርድ ካሜራ ተሸክሞ ሲቀርጽ ለዋለ ልጅ ደስታው ይገባዋል። ግን የተመረጠ ሁሉ አይወዳደርም፤ ከውድድር ውጪ የሚታይም አለ። ፖስተሩ ላይ በሁለቱ የቅጠል ዘለላዎች መሃል የተጻፈውን አንብቡት። ምርጫ ይሁን ሽልማት እዚያው ይለያል።

ሽልማቱ ራሱ ደግሞ ማን እንደሰጠው መታየት አለበት። የዳኞች ሽልማት ጥቂት ባለሙያዎች ተመካክረው የሚሰጡት ነው። የተመልካች ሽልማት አዳራሽ ገብቶ ያየው ሰው በድምፁ የሚወስነው ነው። «ድፍረት» የተባለው የኢትዮጵያ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ በሚካሄደው የሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ ያገኘው የተመልካቹን ነው፤ እኔ ይህን ከዳኞቹ አሳንሼ አላየውም። የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በጣሊያኑ የቬኒስ ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ወሰደ። የቬኒስ ዋናው ሽልማት ወርቃማው አንበሳ ግን ለሌላ ፊልም ነበር የተሰጠው። በዓመቱ ቡርኪና ፋሶ፣ ዋጋዱጉ ላይ፣ በአፍሪካ የፊልም ፌስቲቫል በፌስፓኮ፣ ቁንጮውን ሽልማት የየኔንጋን ወርቃማ ፈረስ የወሰደው «ጤዛ» ነው። ይሄኛው በደንብ አሸነፈ ይባላል።