«ግድቡ ተመርቆ የለም እንዴ?» ስለ ሰፈራችን መብራት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ በመስመር ጥገና ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የሕዳሴ ግድብ ከተመረቀበት ከጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ መብራት በሄደ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከተለኛል፦ «ግድቡ ተመርቆ የለም እንዴ?» እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል።

«መብራት የሚጠፋው ኃይል ስለሌለ ነው።» የሰፈር መብራት በአብዛኛው የሚጠፋው ኃይሉ ቤታችን የሚደርስበት መስመር አቅም ስላጣ ነው። ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት ይችላል። ያ ኃይል ግን ማከፋፈያ ጣቢያ ደርሶ፣ በ15 ኪሎ ቮልት ሰፈር ገብቶ፣ ምሰሶ ላይ ባለው ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት መውረድ አለበት። ችግሩ ያለው እዚህ ጫፉ ላይ ነው።

አስሉት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ባለ 315 ኪሎ ቮልት አምፔር (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ ነው፤ ለምጣድ እንደ ኪሎ ዋት ቁጠሩት) ትራንስፎርመር ሌላ ምንም ሳይበራ የሚችለው 90 ምጣድ ነው። ኃይሉ በሦስት ፌዝ፣ ማለትም ቤቶች ተከፋፍለው በሚቀጠሉባቸው ሦስት የኃይል ሽቦዎች፣ ስለሚወጣ ደግሞ ለአንዱ ፌዝ የሚደርሰው 30 ብቻ ነው።

ባለፈው የገና ዋዜማ ማታ ተጠርተን ሄድን። የፊውዝ ሳጥኑን ስከፍት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አፈነኝ። አዲስ ቤት በተሠራ ቁጥር እየተቀጠለበት አንዱ ፌዝ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል፤ አጠገቡ ያለው ግማሹን እንኳ አልያዘም። ይባስ ብሎ በፊውዙ ቦታ አንድ ሰው ወፍራም የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞበታል። ፊውዝ ቢሆን ኖሮ እሱ ይቃጠልና በግማሽ ሰዓት እንቀይረው ነበር። ሽቦው አልቀለጠም፤ ትራንስፎርመሩ ነደደ። አንዲት እናት ሊጡ ኩፍ ብሎባቸው በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ግድቡ አልቆ የለም እንዴ?» አሉኝ። ጭነቱን በሦስቱ ፌዝ ማመጣጠን ብቻ ያን ሌሊት ያድነው ነበር፤ አዲስ ዕቃ እንኳ አይጠይቅም።

«ትልቅ ትራንስፎርመር ከተተከለ ያልቃል።» ሽቦው ቀጭንና ረጅም ከሆነ አያልቅም። 220 ቮልት የነበረው በሽቦው ላይ እየወረደ መጨረሻው ቤት 180 ሆኖ ሲደርስ ምጣዱ የሚያገኘው ሙቀት ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ሽቦውን ማወፈር፣ ወይም ሌላ ትራንስፎርመር ወደ ቤቶቹ አስጠግቶ ጭነቱን መክፈል ያስፈልጋል።

«ስታቢላይዘር ኃይል ይጨምራል።» አይጨምርም። የቤታችሁን ቮልቴጅ የሚያስተካክል መሣሪያ ነው፤ የመስመሩ ቮልቴጅ ሲወርድ ከመስመሩ የባሰ ከረንት ይስባል፣ ጎረቤትን ይጎዳል።

«መሬት ውስጥ የተቀበረ ገመድ አይበላሽም።» መንገድ ሲቆፈር ይቆረጣል፤ የተቆረጠበትን ማግኘትም ጊዜ ይፈጃል።

«እናሻሽላለን እያሉ ቀኑን ሙሉ ያጠፉብናል።» ልባስ የሌለውን ሽቦ አውርዶ ልባስ ባለው የሚቀይረው ሰው ነው፤ ኃይል ያለበት መስመር ላይ አይወጣም። በዚያ ቀን ጄኔሬተር የምታስነሱ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ቤታችሁን ከመስመሩ ለዩት። ካልለያችሁት ኃይሉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ትራንስፎርመሩም መልሶ 15 ሺህ ቮልት ያደርገዋል። ምሰሶው ላይ ያለው ባልደረባዬ የሚያውቀው መስመሩ መዘጋቱን ነው።