ከግሉተን ነፃ የፓይ ሊጥ፦ አመጣጡና የቤት አሠራሩ

ከግሉተን ነፃ የፓይ ሊጥ ስንዴ፣ ገብስና ራይ የማይገባበት ሊጥ ነው። ግሉተን የስንዴ ዱቄት ውኃ ሲነካውና ሲታሽ የሚፈጠር ፕሮቲን ሲሆን ሊጡን እንደ ላስቲክ ያስረዋል። እሱ ሲቀር ሌላ ነገር ሊይዘው ይገባል። የዚህ ሙያ ዋና ነገር ይኼው ነው።

ስንዴን ከምግብ ማውጣት የተጀመረው በሴልያክ በሽታ፣ ማለትም ግሉተን አንጀትን በሚጎዳበት ሕመም፣ ምክንያት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሳሙኤል ጂ በ1888 እ.ኤ.አ. ስለ በሽታው ሲጽፍ፣ መድኃኒቱ ከአመጋገብ እንደሚመጣ ገምቶ ነበር። የትኛው ምግብ እንደሚጎዳ ግን አላወቀም። ያንን ያገኘው ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትም ስንዴን ይጠረጥር ነበር። በ1944–45 እ.ኤ.አ. ክረምት ሆላንድ ተርባ ዳቦ ሲጠፋ በሽታው ያለባቸው ልጆች ተሻላቸው፣ ዳቦው ሲመለስ ሕመማቸውም ተመለሰ ይባላል። ጥናቱን በ1950 እ.ኤ.አ. አቀረበ።

ሁለተኛዋ ባለውለታ አሜሪካዊቷ ኬሚስት አሊን ጂንስ ናት። ባክቴሪያ ስኳር በልቶ ከሚያወጣው ዝልግልግ ነገር የሚገኘውን ዛንታን ገም ያገኘችው እሷ ናት። ዛሬ አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄቱ ሊጡን ያያይዘዋል። የግድ ነው አይደለም የሚለው ያከራክራል፤ በእንቁላል ብቻ የሚሠሩ አሉ። ጀማሪ ግን ባይተወው ይሻላል።

ዱቄቱ አንድ ዓይነት ብቻ ከሆነ አያምርም። ሩዝ ብቻውን አፍ ውስጥ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ስታርች ብቻውን ሙጫ ይሆናል። 200 ግራም ዱቄት ለአንድ መካከለኛ ፓይ ይበቃል፦ ግማሹ የሩዝ ወይም የማሽላ፣ ግማሹ የካሳቫ ወይም የድንች ስታርች። ዛንታኑና ትንሽ ጨው እዚሁ ይደባለቃሉ። 120 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ ተቆራርጦ ይገባና የአተር ፍሬ እስኪያክል በጣት ጫፍ ይፈረፈራል። ከዚያ አንድ እንቁላል፣ ቀጥሎ የበረዶ ውኃ በማንኪያ በማንኪያ። ሊጡ ሲጨበጥ ካልተፈረፈረ ውኃው በቃው። ፍሪጅ ውስጥ 30 ደቂቃ ይረፍ፤ የሩዝ ዱቄት ውኃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው።

ሲዳመጥ በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት መሃል ይሁን። መቀደዱ አይቀርም። ቁራጩን ለጥፎ በጣት መጫን ነው፣ ተጋግሮ ሲወጣ ስፌቱ አይታይም። የስንዴ ሊጥ በብዛት ከታሸ ይጠነክራል፣ ሲጋገርም ይኮማተራል። ይኼኛው ግን ቂም አይዝም፤ ሰብስበው ደግመው ቢዳምጡት ግሉተን ስለሌለው አይጠነክርም። ቅቤው እንዳይቀልጥ ብቻ መፍጠን ነው። ይህ ትልቅ ጸጋ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ አይነገርለትም።

ለሴልያክ ታማሚ ከሆነ ዕቃው ራሱ ይለይ። የእንጨት መዳመጫና ወንፊት የስንዴ ዱቄት ይዘው ይቆያሉ። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ከግሉተን ነፃ የሚለው ግሉተኑ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠውን ነው። አጃ ላይ አስተያየቱ ይለያያል፦ ንጹሑ አብዛኛውን ታማሚ አይጎዳም፣ ከስንዴ ጋር የተነካካው ግን ይጎዳል።

የሚሞላው ነገር ፈሳሽ ከሆነ ቅርፊቱ ባዶውን ቀድሞ ይጋገራል። ወረቀት ይነጠፍበትና ደረቅ ባቄላ ይሞላበታል፤ በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ 15 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ከዚያ ባቄላው ወጥቶ፣ ጠርዙ ወርቃማ እስኪሆንና መሃሉ ሲነካ ደረቅ እስኪል ይመለሳል።