ውሻን በጨዋታ ማሰልጠን

ውሻን በጨዋታ ማሰልጠን ማለት ውሻው የታዘዘውን ሲፈጽም በኳስ ውርወራ፣ በገመድ ጉተታ፣ በሩጫ ወይም የተደበቀ ነገር በማፈላለግ የሚሸለምበት ዘዴ ነው። ብዙ ባለቤቶች ጨዋታን ትምህርት ሲያልቅ እንደሚሰጥ እረፍት ያዩታል፤ በዚህም የዘዴው ትልቁ ጥቅም ያመልጣቸዋል። በአግባቡ የተመራ ጨዋታ ራሱ ትምህርት ነው። ውሻ መጠበቅን፣ የያዘውን መልቀቅንና ሲጠሩት መምጣትን ደሙ በሞቀበት ሰዓት ከተማረ፣ ድመት ከፊቱ ስታልፍም ሊያስታውሰው ይችላል። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ብቻ የተማረውን ግን ውጭ ሲወጣ በቀላሉ ይረሳዋል።

ውሻ ካደገ በኋላም መጫወት የማይተው እንስሳ ነው። ጨዋታውን ልብ ብሎ ላየው ከተኩላ የወረሰው የአደን ሥርዓት ይታይበታል፦ ማፍጠጥ፣ ማድባት፣ ማሳደድ፣ መንከስ፣ ይዞ መነቅነቅ። ሰው ውሾችን ለልዩ ልዩ ሥራ እየመረጠ ሲያራባ ከእነዚህ አንዳንዶቹን አጎልብቷል፣ ሌሎቹን አዳክሟል። በግ ለመጠበቅ የተራባው ቦርደር ኮሊ ማፍጠጥና ማሳደድ ይወዳል፤ ሪትሪቨር የያዘውን ሳይጎዳ ተሸክሞ መምጣት ያስደስተዋል፤ አይጥ ለመግደል የተመረጡ ቴሪየሮች ደግሞ ይዘው መነቅነቅን የሚያህል ደስታ የላቸውም። እንግዲህ «ውሻዬ ኳስ አይወድም» የሚል ባለቤት ውሻው ጨዋታ የማይወድ መሆኑን ገና አላረጋገጠም። ምናልባት የሚወደውን የአደን ክፍል አላገኘለትም ይሆናል።

ውሾች የጨዋታ ግብዣቸውን የሚገልጹበት ግልጽ ምልክት አላቸው፤ የፊት እግሮቻቸውን ዘርግተው ደረታቸውን ወደ መሬት ዝቅ፣ ወገባቸውን ከፍ ያደርጋሉ። አሜሪካዊው የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ ማርክ ቤኮፍ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ይህ ምልክት ጠብ ሊመስሉ ከሚችሉ ንክሻዎች አስቀድሞና ተከትሎ እንደሚበዛ አሳይቷል። «ይህ ጨዋታ ነው» የማለት ያህል ነው። ምልክቱን ማንበብ የቻለ አሰልጣኝ ውሻው መቼ እንደሚጫወት፣ መቼ እንደፈራ ወይም እንደተቆጣ ለመለየት ይቀለዋል።

የዘዴው ሳይንሳዊ መሠረት ቀላል ነው፤ መልካም ውጤት ያስከተለ ድርጊት ይደጋገማል። ዴቪድ ፕሪማክ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1959 እ.ኤ.አ. አንድ ጠቃሚ ሐሳብ አከለበት፦ እንስሳው ይበልጥ ማድረግ የሚፈልገው ነገር፣ እምብዛም ለማይፈልገው ነገር ሽልማት ሊሆን ይችላል። መቀመጥ ለውሻ ብርቅ አይደለም፤ ኳስ ማሳደድ ግን ያንቀዠቅዠዋል። ኳሱ የሚወረወረው ከተቀመጠ በኋላ ብቻ ከሆነ መቀመጥ ራሱ የጨዋታው መግቢያ በር ይሆናል።

ከጨዋታዎች ሁሉ ብዙ የሚያስተምረውም፣ በከንቱ ስሙ የጠፋውም ገመድ ጉተታ ነው። ውሻው ካሸነፈ በሰው ላይ የበላይነት ይሰማዋል የሚል እምነት ለረጅም ጊዜ ሲነገር ኖሯል። ተመራማሪዎቹ ኒኮላ ሩኒና ጆን ብራድሾ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 14 ጎልደን ሪትሪቨሮችን አንዴ እያሸነፉ፣ አንዴ እየተሸነፉ ደጋግመው አጓተቷቸው። ማሸነፍ ውሾቹን በሰው ላይ የበላይ አላደረጋቸውም፤ ይልቁንም ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ከጨዋታው በኋላ ለሰው የሚሰጡት ትኩረት ጨመረ። እኔም ውሻው ደጋግሞ እንዲያሸንፍ መፍቀድን እመክራለሁ፤ ሁልጊዜ የሚሸነፍ ተጫዋች ይሰለቻል።

«ልቀቅ» የሚለው ትዕዛዝ የሚማረው እዚህ ነው። ባለቤቱ አፉን ፈልቅቆ ገመዱን አይነጥቅም፤ ቢነጥቅ ውሻው አጥብቆ መያዝን ይማራል። ይልቅስ እጁን ወደ ጉልበቱ አስጠግቶ ገመዱን ጭራሽ እንዳይንቀሳቀስ ይይዛል። የማይንቀሳቀስ ታዳኝ አያጓጓም፤ ጥቂት ቆይቶ የውሻው መንጋጋ ይላላል። በለቀቀበት ቅጽበት «ጎሽ!» ይባላል፣ ጉተታውም ወዲያው ይቀጥላል። ምስጢሩ ያለው በዚህ በመቀጠሉ ላይ ነው፦ መልቀቅ ጨዋታውን የሚያስቀረው ሳይሆን የሚመልሰው መሆኑን ውሻው ይረዳል። ጥቂት ቀን ሲለማመድ ትዕዛዙን ከመልቀቁ በፊት ማሰማት ይቻላል። ጥርሱ የሰው እጅ ከነካ ደግሞ ያለ ቁጣ ገመዱ ይቀመጣል፤ ጨዋታውም ለአፍታ ይቆማል።

በኳስ ጨዋታ የሚያጋጥመው ችግር ውሻው ኳሱን ይዞ መሸሹ ነው። ባለቤቱ ሲከተለው ጨዋታው ሳያስበው ወደ አባሮሽ ይለወጥና ሸሽቶ ማምለጥ ይሸለማል። ሁለት ተመሳሳይ ኳስ መያዝ ይበጃል፤ ሁለተኛው ሲንቀሳቀስ ያየ ውሻ የመጀመሪያውን ጥሎ ይመጣል። ድብብቆሽም ድንቅ ነው፦ አንዱ ሰው ውሻውን ይይዛል፣ ሌላው ተደብቆ ይጠራዋል፣ ሲገኝም በደስታ ይቀበለዋል። ፈንጂና አደንዛዥ ዕፅ የሚያነፈንፉ ብዙ ውሾችም የሚሠሩት ለዚህ ዓይነት ደስታ ነው፤ የተፈለገው ሽታ ሲገኝ የሚጠብቃቸው ኳስ ወይም ጉተታ ነው።

ከትምህርት በኋላ የሚደረግ ጨዋታም ሳይጠቅም አይቀርም። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 16 ላብራዶር ውሾች ሁለት ዕቃዎችን መለየት ተማሩ። ከዚያ ለ30 ደቂቃ በእግር ጉዞና በጨዋታ የቆዩት፣ ካረፉት ይልቅ በማግስቱ ትምህርቱን በጥቂት ሙከራ አስታወሱ። የጠቀማቸው ጨዋታው ይሁን እንቅስቃሴው ይህ ጥናት ብቻውን አይለየውም፤ የተመረመሩት ውሾችም ጥቂት ናቸው።

ጨዋታ ለሁሉም ነገር አይሆንም። በእርጋታ መተኛትን ወይም ጥፍር ሲቆረጥ ዝም ማለትን ለማስተማር ምግብ ይሻላል፤ ጨዋታ ያነቃቃልና። የፈራ ውሻም ለመጫወት ልብ አይኖረውም፤ በግድ ማጫወት ፍርሃቱን ያባብሳል። ጥርሱን የሚቀይር ቡችላ ጉተታው ለስላሳ መሆን አለበት፤ አንገቱን ወደ ላይና ወደ ታች መወዝወዝ አይገባም። ኳሱ ወደ ጉሮሮ እንዳይገባ ተለቅ ያለ ይመረጣል፤ አፍና ጉሮሮ ስለሚወጋ እንጨት አይወረወርም። አፍንጫቸው ጠፍጣፋ የሆኑ ውሾች በሙቀት ቶሎ ይታፈናሉ፤ ማለከለኩ ሲበረታ ማቆም የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። የሌዘር ብርሃን ማሳደድን ፈጽሞ አልመክርም፤ ውሻው የሚይዘው ነገር ስለሌለ አደኑ አያልቅለትም፣ አንዳንዶችም መብራቱ ጠፍቶ እንኳ ጥላና ነጸብራቅ ማሳደድ ይጀምራሉ።

የልምምዱ ጊዜ አጭር ይሁን፤ ለቡችላ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ጨዋታው የሚቆመውም ውሻው ገና «አንድ ጊዜ ጨምርልኝ» እያለ በሚያይበት ሰዓት ነው፤ አሻንጉሊቱም እስከሚቀጥለው ልምምድ ድረስ ከዓይኑ ይሰወራል።